ቁጥር አስራ ሰባትን ፍለጋ፦ ከከሚሴ እስከ ባቲ

ብዙ ሰው ከሚሴን የሚያውቃት በመስኮት ነው። እኔም ወደ ደሴ ስመላለስ ከአስር ጊዜ በላይ አልፌባታለሁ፤ አንድ ጊዜ ፓፓያ ገዝቼባታለሁ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተኝቼ አልፋኛለች። ባለፈው ዓመት ግን ወረድኩባት። ሄዶ ለማያያት አንባቢ የማወራው ስለዚያ ሰባት ቀን ነው። የታሪክ ቦታ አልጎበኘሁም፣ ፎቶ አላነሳሁም። አንድ ሰው ስፈልግ ነበር።

ሥራዬ መጠየቅ ነው። ጫት አልላቀቅ ብሏቸው ሕክምና የጀመሩ ሰዎች ስድስት ወር ሲሞላቸው ቅጽ ይዤ እሄድና "ባለፉት ሠላሳ ቀናት ስንት ቀን ቃሙ?" ብዬ እጠይቃለሁ። የመለሱልኝን እጽፋለሁ። ከዚያ ከእኔ የተሻለ የተማሩ ሰዎች ቁጥሩን ደምረው ሕክምናው ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ይናገራሉ። እኔ አልደምርም።

ጥናቱ ሁለት ጥብቅ ደንቦች አሉት። አንደኛው፣ የምንፈልገውን ሰው ለምን እንደፈለግነው ለማንም አይነገርም፤ ለሚስቱም ለእናቱም። ከተጠየቅን "ለግል ጉዳይ ነው" እንድንል ታዘናል። ሁለተኛው፣ እስከ ቀነ ገደቡ ያልተገኘ ሰው ወደ ጫቱ እንደተመለሰ ይቆጠራል። ሰውየው የሆነ ቦታ በሰላም እርሻውን እያረሰ ሊሆን ይችላል፤ ካልተገኘ ግን ለጥናቱ እየቃመ ነው። ከሚሴ ላይ ከተመዘገቡት መካከል ቁጥር አስራ ሰባት ጠፍቶ ነበር። ሲመዘገብ የሰጠን ስልክ ዝግ ነው። ቀነ ገደቡ ሰኞ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ በዚህ ማስታወሻም አስራ ሰባት እያልኩት እቀጥላለሁ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሳን። እንደማንኛውም መንገደኛ ከዋዜማው ሦስት ሾፌሮች ጋ ደውዬ "መንገዱ እንዴት ነው?" ብዬ ነበር። ሁለቱ ሰላም ነው አሉኝ፤ ሦስተኛው "ስትደርስ ደውለህ ንገረኝ" አለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬት ደረብኩ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬቱን አውልቄ ተቀመጥኩበት። እኔ የምኖርበት ኮተቤ እንዲህ ያለውን የአየር ለውጥ ለማሳየት ዓመት ይፈጅበታል።

አጣዬን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ የፈታቸውን ብሎኖች እንድይዝለት ሰጠኝ፤ ሽበቴን አይቶ አምኖኝ መሆን አለበት። አምስት ተቀብዬ አራት መለስኩ። ተሳፋሪው ሁሉ አጎንብሶ አስፋልት ዳር ብሎን ሲፈልግ አንዲት ሴት ከያዘችው ሙዝ ለሁላችንም አደለችን፤ ለእኔ "አብሽሩ፣ ሰው ነው የሚጥለው" ብላ ሁለት ሰጠችኝ። በኋላ ብሎኑ ኪሴ ውስጥ ተገኘ። ኮተቤ ቢሆን ሙዙን ያስመልሱኝ ነበር።

ከሚሴ ስንገባ ሲስተር ዘሃራ ባጃጅ አቁማ ጠበቀችኝ። የጥናቱ ነርስ ናት። ሕክምናውን የምትሰጠው እሷ ስለሆነች ውጤቱን መጠየቅ አይፈቀድላትም፤ ለዚያ ነው እኔ ከአዲስ አበባ የምመጣው።

"አስራ ሰባት ወደ ጫቱ አልተመለሰም" አለችኝ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ።

"በምን አወቅሽ?"

"አውቃለሁ።"

ቅጹ ላይ "አውቃለሁ" የሚል ሳጥን የለም። ባጃጁ ውስጥ የሰውየውን ነገር አጫወተችኝ። የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ሦስት ቀን ያለ እንቅልፍ እየቃመ ነድቶ ሽንኩርት እንደጫነ በጠራራ ፀሐይ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። ሚስቱ ሰዓዳ ግን በሳምንቱ ልብሷን ይዛ አባቷ ቤት ጨፋ ሮቢት ገባች። እሱ በእግሩ መጥቶ የሲስተር ዘሃራን በር አንኳኳ።

"ሐራራው ሲነሳበት መጥቶ ደጃፌ ላይ ይቀመጣል። ሲያልፍለት ተነስቶ ይሄዳል" አለችኝ። "አምስት ወር አንድ ቀጠሮ አላጓደለም። በስድስተኛው ጠፋ።"

የያዘችልኝ ፔንሲዮን ንጹሕ ነው። ቬንትሌተሩ የሚያውቀው ፍጥነት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቅጾቼን በትኖብኝ እስከ እራት ስለቅም ቆየሁ።

ረቡዕ

ጠዋት የሲስተር ዘሃራን ክፍል አየሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የሚዘጋ በር አለው። መመሪያው ቃለ መጠይቅ የሚደረግበት ክፍል እነዚህ ሦስቱ እንዲኖሩት ያዛል። ከአስፋልቱ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ጫት ተራን ማቋረጥ ግድ ነው። ተራው ድሮ ሌላ ቦታ ነበር፤ ወደዚህ የዞረው በቅርቡ ነው። ሻጮቹ የሚያውቁትን ሰው በስሙ ይጠራሉ። እኔን "አባባ" አሉኝ።

አስራ ሰባት ሲመዘገብ ለአስቸኳይ ጊዜ የሰጠው የአማቱን የሐጂ ይማምን ስም ነው። ስለዚህ ወደ ጨፋ ሮቢት ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ በማሽላ ጆንያና በበሬ ተዘግቷል። የሐጂን ቤት ከመጠየቄ በፊት ልፍጠን ብዬ አይሱዙዎች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ስለ አስራ ሰባት ሦስት ሾፌሮችን አነጋገርኩ። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ ፎልደር ይዣለሁ፣ ስሙን ከነአያቱ እጠራለሁ።

"ለምን ፈለጋችሁት?" አለኝ አንደኛው።

"ለግል ጉዳይ ነው።"

"ከፍርድ ቤት ነዎት?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ከየት?"

"መናገር አልችልም።"

ተያዩ። አንደኛው ለጓደኛው በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው፤ ጓደኛው ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ። ሊረዱኝ መስሎኝ አመስግኛቸው ሄድኩ።

ሐጂ ይማም ሰባ ዓመት የሚሆናቸው የእህል ነጋዴ ናቸው። "አካም ጂርቱ? ኮታ፣ ግቡ!" ብለው በሁለት ቋንቋ ተቀበሉኝ። ማንነቴን ከመጠየቃቸው በፊት የማሽላ እንጀራ በበግ ወጥ ቀረበ፣ ቀጥሎ ወተት መጣ። ኮተቤ አንድ የማያውቁት ሰው በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚቀርብለት "ማን ልበል?" ነው።

"የመጡበትን አውቄዋለሁ" አሉኝ በልቼ ስጨርስ።

"አማችዎን ፈልጌ ነው። ለግል ጉዳይ።"

"ለግል ጉዳይ" ብለው ደገሙት፤ ፊታቸው ፈካ። "ይሄ ነው ሽማግሌ ማለት! ፊት የላከው ሰውዬ ገና ደጅ ሳለ ነበር ነገሩን የዘረገፈው።"

ልጃቸውን እንዲመልሱ አማችየው የላከኝ አስታራቂ መስያቸዋለሁ። አይደለሁም ብል "ታዲያ ማን ነህ?" ይከተላል። ነኝ ብል ውሸት ነው። የቀረውን ወተት ጠጣሁ።

"ግን ብቻዎን ነዎት?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ኧረ ሽማግሌ ለብቻው አይመጣም! ሲያንስ ሦስት ነው። የአገሩ እንግዳ ስለሆኑ አይፈረድብዎም" አሉና ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስጠርተው ከጎኔ አስቀመጡልኝ። እንዲህ ሆኖ ሐጂ ይማም ራሳቸውን የሚለምኑ ሽማግሌዎች ራሳቸው መረጡ። ሰዎቹ ሥራውን ያውቁበታል፤ ተነስተው "ስለ አላህ ብለው ይስሙን" እያሉ ለመኑ። እኔም አብሬ ቆምኩ። ሲቀመጡ ተቀመጥኩ።

ሐጂ እንደሚገባው ጥቂት እምቢ ካሉ በኋላ ቃላቸውን ተናገሩ። "ጫቱን ትቶ ስድስት ወር ይቁጠር ብያለሁ። ወላሂ፣ ስድስት ወር ሳይነካ ከቆየ ሰዓዳን ይውሰድ። ከነካ ግን ሽማግሌም አይላክብኝ።"

ይህን ሲሉ ዱዓ ተጀምሮ ስለነበር ፊታቸው አንድ እስር ጫት ነበር። ዓይኔን ተከተሉት። "የኔ የዱዓ ነው" አሉኝ። ለእኔም አንድ ዘለላ ሰጡኝ። እንደማልቅም ስነግራቸው "አይቃሙት፣ ያዙት ብቻ፤ ዱዓ ላይ እጅ ባዶ አይሆንም" አሉ። ጫት ስለመተው የሚያጠናው ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጫት ይዞ ተቀመጠ። አማቻቸው የት እንዳለ ስጠይቃቸው፣ ልጃቸውን ሳያማክሩ እንደማይናገሩ ነግረውኝ በደህና ሸኙኝ።

ሐሙስ

ሐሙስ የሚጻፍ ነገር የለውም። የሐጂን መልእክት እየጠበቅኩ ከሚሴ ዋልኩ። ሸሚዜን አጥቤ አሰጣሁ፤ ሳልቀመጥ ደረቀ፤ ኮተቤ ሁለት ቀን ይፈጃል። የፔንሲዮኑ ባለቤት ብቻዬን መብላቴ አሳዝኗት እርጎ ላከችልኝ። ከምሳ በኋላ ተኛሁ። ከጉዞዬ ቀናት ሁሉ የተመቸኝ እሱ ነው።

አርብና ቅዳሜ

አርብ ከጁምዓ በኋላ ከተማው ሁሉ እንደሚያውቀኝ ተረዳሁ። ሻይ ቤት ስገባ ሰዎች ከወንበራቸው ይነሱልኛል። አንዱ "አላህ ያሳካልዎ" ይለኛል፤ ሌላው "ነገሩ እንዴት ሆነ፣ አባባ?" ብሎ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። የባጃጅ ሾፌሩ ለእርቅ የመጣ ሰው አላስከፍልም ብሎ አሳፈረኝ። ምስጢር በመጠበቅ እንዲህ ታዋቂ የሆንኩበት ጊዜ የለም።

"ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው" አለችኝ ሲስተር ዘሃራ፤ አልሳቀችም። "ወሬው እሱ ጋ ምን ሆኖ ይደርስ ይሆን?"

"አስታራቂ መጣ ተብሎ ነዋ" አልኳት። ይህን ስላት በራሴ ተማምኜ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ሽማግሌዎቼ ፔንሲዮኑ ድረስ መጡ፤ አንደኛው በፌስታል ማንጎ ይዟል። ሰዓዳ ለአባቷ "ንገሩት" ብላለች። ሰውየው ባቲ ነው፤ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይሠራል። አድራሻውን ስጽፍ ሁለተኛው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ "ስድስት ወሩ ሰኞ ይሞላል። ቀኑን የምትቆጥረው ራሷ ናት፤ አባቷ ረስቶታል" አለኝ። ሐጂ ቃላቸውን የሰጡትና እሱ የሲስተር ዘሃራን በር ያንኳኳው በአንድ ቀን መሆን አለበት።

እሁድ

ከከሚሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ቁልቁል ወደ ባቲ። በወረድን ቁጥር መስኮት ይከፈታል፤ ባቲ ስንደርስ የሚከፈት አልቀረም። ጎሚስታ ቤቱ ዝግ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ መኮንን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁልፍ አይነኩም። ቤታቸውን ጠይቄ ስሄድ አስራ ሰባት ከአንድ መኪና ጋር ቆላ ወርዷል፣ ነገ ጠዋት ይገባል አሉኝ። ለምን እንደፈለግኩት አልጠየቁኝም። በሰባት ቀን ውስጥ ያልጠየቀኝም ያልገመተም ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በዚያ ምክንያት ሁሉን ልነግራቸው ትንሽ ቀረኝ። ምሳ በላሁ፣ እራትም ሳልበላ አልሄድም ተባልኩ።

ሰኞ

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከአፋር በረሃ ግመልና ፍየል የሚነዳው፣ ከደጋ ጤፍና በርበሬ የጫነው እዚያ ይገናኛል። መርካቶን ለለመደ ሰው ግፊያው አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው የሚገፋህ ግመል ሲሆን ነው። አንዱ ፎልደሬን አሽትቶ ተወው።

አስራ ሰባትን አንድ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ያረፈ ሰው ነው። ወጥቶ ቆመ። መጀመሪያ ያየው ፎልደሩን ነው።

"እርስዎ ነዎት?" አለኝ። ድምፁ ደረቅ ነበር።

"ከጥናቱ ነኝ። ከሲስተር ዘሃራ።"

ጎማ ላይ ተቀመጠ። "ሲስተር ዘሃራ ናት የፈለገችኝ?" አለ፤ ሦስት ጊዜ ደገመው። "ያ ረቢ! እኔ እኮ የመኪናው ነገር ተነሳ ብዬ..." ብሎ አቋረጠው። የቅባት እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ብዙ ቆየ።

ለምን ቀጠሮ እንዳቋረጠ ጠየቅኩት።

"ጫት ተራው ዞሮ መንገዷ ላይ መጣ" አለኝ። "እሷ ጋ ለመሄድ በመካከሉ ማለፍ አለብኝ። አስራ ምናምን ዓመት የገዛሁባቸው ሰዎች ናቸው። በስሜ ይጠሩኛል፣ 'ጠፋህሳ' ይላሉ፣ ይስቁልኛል። አንድ ቀን አለፍኩ፣ ሁለተኛም አለፍኩ። ሦስተኛውን አላምነውም ብዬ መጣሁ።"

"ባቲስ ጫት የለም እንዴ?"

"ሞልቷል። ግን ስሜን አያውቅም።"

በቅጻችን "የጠፋበት ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ ሞተ፣ ተሰደደ፣ እምቢ አለ፣ አልታወቀም የሚሉ ምርጫዎች አሉ። እንዳይቅም ብሎ የጠፋ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ወደ ከሚሴ እንመለስ አላልኩትም። መመሪያውን አውጥቼ አነበብኩ፤ በር፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር ይላል፤ የት እንደሚሆን አይልም። ለጋሽ መኮንን በር ያለው ክፍል እፈልጋለሁ አልኳቸው። የጎማ ማከማቻቸውን አስለቀቁ። ጠረጴዛውን ከምግብ ቤት ተዋሱ፤ ወንበሮቹን ከቤታቸው አስመጡ። አንዱ ትናንት እራት የበላሁበት ነው። ከዚያ በሩን ዘግተው ደጅ ቆሙና ጎማ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ "ውስጥ ስብሰባ አለ!" እያሉ መለሱት።

ቅጹን ከፈትኩ። በጨዋታ መካከል አንተ ስለው ቆይቼ፣ ቅጹ የሚያዘው አንቱታ ነውና ወደዚያ ዞርኩ።

"ባለፉት ሠላሳ ቀናት ስንት ቀን ቃሙ?"

ከደጅ የግመል ድምፅ ይሰማል። ዜሮን ለመጻፍ እስክሪብቶዬን አስጠግቼ ነበር።

"አንድ" አለ።

"አንድ ቀን?"

"አንድ ቀን። ሐሙስ።"

ያልጠየቅኩትን ራሱ ነገረኝ። "ረቡዕ ሾፌር ጓደኞቼ ከጨፋ ሮቢት በአዲሱ ቁጥሬ ደወሉልኝ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፎልደር የያዘ ሰውዬ ስምህን ከነአያትህ እየጠራ እያፈላለገህ ነው፤ ለምን ብንለው አልናገርም አለ፣ አሉኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ሄጄ ገዛሁ።"

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም። ሐሙስ እኔ እርጎ ጠጥቼ ተኝቼ ነበር።

"ዜሮ ብዬ ልጽፈው እችላለሁ" አልኩት፤ በሃያ ዓመት ሥራዬ ብዬው አላውቅም።

"አንድ ይበሉ። ለሲስተር ዘሃራ ዋሽቼ አላውቅም።"

አንድ ብዬ ጻፍኩ። በጥናቱ ደንብ ከዜሮ ያለፈ ሁሉ "ተመልሷል" ይባላል። ኮተቤ ቁጭ ብዬ ብቀር ኖሮ ስላልተገኘ ተመልሷል ይባል ነበር። ሰባት ቀን ተጉዤ አገኘሁትና ተመለሰ።

"ለሐጂ ይነግሩብኛል?" አለኝ።

"አልችልም። ደንቡ አይፈቅድም።"

"እንግዲያው ሰዓዳ ከሰው ከምትሰማ እኔው ልንገራት" ብሎ ስልኩን ይዞ ወጣ። በበሩ ስንጥቅ ጀርባው ይታየኛል። ብዙ አልተናገረም። ጋሽ መኮንን የመጡትን ደንበኞች ራቅ አድርገው አቆሙለት። ሲመለስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

"ምን አለችህ?"

"የዘጋችው መስሎኝ ነበር። ከዚያ 'ከሐሙስ ወዲህስ?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"አንድም። 'እንግዲያው ከሐሙስ ጀምሬ እቆጥራለሁ፤ አባቴን ለኔ ተወው' አለችኝ።"

ቅጼን አገላበጥኩ። አምስት ገጽ ነው። "ከሐሙስ ወዲህስ?" የሚል ጥያቄ የትኛውም ገጽ ላይ የለም።

አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የቀረን አንድ ጥያቄ ነበር፤ "የቃሙበት ምክንያት?" ይላል። አንድ፣ ጓደኛ። ሁለት፣ ሥራ። ሦስት፣ ሐራራ። አራት፣ ሌላ ካለ ይጠቀስ። አራትን አከበብኩና ባዶው መስመር ላይ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ።